በጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ፦ በገዳሪፍ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ልነሣ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ፣ ኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነባል። ወንጌላዊው ፊልጶስ ሮጦ ሲጠጋ ንባቡን ይሰማል። ሰውየው ለራሱ ቢሆንም የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነው፤ በዚያ ዘመን የተለመደው ንባብ ይኸው ነበርና። በልቡ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምን እንደያዘ አያውቅም፣ ይገባው እንደሆነም አይጠይቀውም፣ ሠረገላውም ላይ አይወጣም።

ወዴት ነበር የሚመለሰው? ህንደኬ የመርዌ ንግሥታት ማዕረግ ነው። መርዌ ደግሞ ከዚህ ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በአትባራና በአባይ መካከል ባለው ምድር የነበረች ከተማ ናት። ጃንደረባውን ለእኛ ብቻ ቆርጠን ስንተርክ ያደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ቅር ሊለን ይችላል። እኔ ግን ሱዳን ምድር ላይ ቆሜ ሳወራው ደስ ይለኛል፤ ሰውየው የእናንተ የሠፈር ሰው ሊሆን ምንም አልቀረው።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በድምፅ ተቀርጸው ስለሚደመጡ የክርስትና ትምህርትና ታሪክ መጻሕፍት ነው። ጉዳዩ እዚህ አገር ላይ ከሌላ ቦታ ይልቅ ለምን እንደሚነሣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ፈንድቶ ከመርገፉ በፊት መታጨድ አለበት። ከጎንደርና ከጎጃም በረሃ የሚወርደው ወጣት እጁ ማጭድ ላይ፣ ዓይኑ ነዶ ላይ ነው። ሥራ የፈታው ጆሮው ብቻ ነው። ማታ ራኩባ (ዳስ) ሥር ሲጋደም ደግሞ መብራት የለም፣ ቢኖርም ዓይኑ አይከፈትም። ከተማ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራው እኅታችንም፣ ሻይ የምታፈላውም፣ ጋራዥ የሚውለውም እንደዚያው ነው። በነዚህ ሰዎች ቀን ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚገለጥበት ሰዓት የለም።

ስለዚህ ስልኩ መጣ። ሒሳቡን ልንገራችሁ፦ ንግግር ብቻ የያዘ ቅጂ በ64 ኪሎቢት ሲቀረጽ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ያህል ነው። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ ከ270 ሰዓት በላይ ይገባል፤ በቀን አንድ ሰዓት ለሚሰማ ሰው የዘጠኝ ወር ስንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ኔትወርክ በመላ አገሪቱ ሲጠፋ ቴሌግራም ላይ ብቻ ይሰሙ የነበሩት ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ሚሞሪ ያስጫኑት ማዳመጣቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ አዲስ መሳሪያ እንጂ አዲስ ልማድ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቱ ኢትዮጵያዊ ነው ገጹን ሳይገልጥ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ «አንብቤዋለሁ» የሚለው? ልክ ነው፤ አንብቦታል። ከዚያ በፊትም በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተከፈተው፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነበር። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ እስኪያደርገው ድረስ ወደ ብዙ አገሮች በአጭር ሞገድ ያስተላልፍ ነበር። ከሬዲዮው በኋላ ካሴቱ መጣ፣ ከካሴቱም በኋላ ሲዲው። እናንተ መካከል በሰማንያዎቹ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ የሰማ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ክርክሩ። «መስማት ማንበብ አይደለም፣ የሰነፍ መንገድ ነው» የሚሉ አሉ፤ ከተማሩት መካከል በተለይ። ለነዚህ ሰዎች መልስ የምሰጠው በሦስት ሰዎች ነው፤ ሦስቱም በአንድ ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበሩ፣ ሦስቱም ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከአትናቴዎስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው እንጦንስ ነው። ገድሉን አትናቴዎስ እንደጻፈው ወጣቱ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ስለ ባለጸጋው ጎልማሳ የተነገረው ወንጌል ይነበብ ነበር። ሰማ፣ ወጣ፣ ያለውን ሰጠ። አትናቴዎስ ስለ እሱ ሲናገር ፊደል እንዳልተማረ፣ ነገር ግን የሰማውን አንዱንም መሬት ስለማይጥል ልቡናው በመጽሐፍ ቦታ ይቆምለት እንደነበር ይመሰክራል። የምንኵስና አባት የምንለው ሰው እንግዲህ አዳማጭ ነበር።

ሁለተኛው ዲዲሞስ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ዓይኑ ጠፋ። ሌሎች እያነበቡለት ሰምቶ ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ፍልስፍናን፣ ሒሳብን ተምሮ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ አትናቴዎስም ሹመቱን ወደደለት። ጄሮም ከእግሩ ሥር ተቀምጧል። በኋላ ዘመን ከኦሪገን ትምህርት ጋር ስሙ ተነሥቶ መወገዙን አልደብቃችሁም፤ ስለ ዕውቀቱ ስፋት ግን የተከራከረ የለም። እኛም አገር ብርሃናቸውን ያጡ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ ማየት ብርቅ አይደለም።

ሦስተኛው ሩፊኖስ ይባላል፤ ከሁሉም ይልቅ የእኛ ጉዳይ ያለው እሱ ጋ ነው። ሩፊኖስ የዲዲሞስ ተማሪ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጽፍ የፍሬምናጦስን፣ የአባ ሰላማን፣ ነገር አገባ፤ ከጢሮስ የተነሡት ሁለት ወጣቶች በመርከብ ሲጓዙ እንዴት እንደተማረኩ፣ አክሱም ቤተ መንግሥት እንዴት እንዳደጉ፣ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ እንዴት እንደተሾመ። ይህን ከየት አገኘው? ከወሬ እንዳልለቀመው፣ ከአዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደሰማው ጽፏል። አዴስዮስ የፍሬምናጦስ ወንድም ነው፣ ያን ጊዜ በጢሮስ ካህን ሆኖ ነበር። የኢትዮጵያ ክርስትና አጀማመር በውጭ አገር ጽሑፍ የቆየልን አንድ ሰው አውርቶ ሌላው በጥሞና ስላዳመጠ ነው። አዳማጩ ደግሞ ማዳመጥን የተማረው ከዓይነ ስውር መምህር ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

እንግዲህ ለጆሮ ይህን ያህል ከተከራከርኩለት ወቀሳዬን ልሰንዝር።

የአብነት ትምህርት ቤቱን አስቡት። የቃል ትምህርት የሚጠናው በማታ ነው፤ ብርሃን አያስፈልገውም። ታላቁ ተማሪ ይላል፣ ታናሹ ይቀበላል፣ መልሶ ይላል። ከሳተ ይታረማል፣ እንደገና ይላል። ትርጓሜ ቤት ሲገባ አንዱ ግእዙን ያነባል፣ የኔታ ይተረጉማሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። ጉባኤው ሲበተን ግን ትምህርቱ አያልቅም፤ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን ይቀጽላሉ፣ ይከራከራሉ፣ «እሳቸው ያሉት እንዲህ ነው»፣ «የለም፣ እንዲያ ነው» ይባባላሉ። አንዱ ትርጓሜ ሲያልቅ «አንድም» ብሎ ሌላው ይቀጥላል። ዘልቄያለሁ የሚል ሰው ያስመሰክራል እንጂ በራሱ አይመሰክርም። የእኛ የጆሮ ትምህርት ግማሹ መስማት፣ ግማሹ መልሶ ማሰማት ነበር።

ስልኩ የሰጠን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ኢርፎን ጆሮው ላይ የሰካ ሰው የሰማውን ማንም አይጠይቀውም፤ ቢሳሳት የሚያርመው የለም፤ ባይገባው ተራኪው ቆም ብሎ አይደግምለትም። ፊልጶስ የሌለበት ሠረገላ ይሆናል።

ይህ ፍርሃት ከራሴ የፈለቀ አይደለም፤ እዚሁ ሱዳን ውስጥ በእኛ ሰዎች ላይ የደረሰ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኑብያ ክርስትናን ስትቀበል የሆነውን የጻፈልን ዮሐንስ ዘኤፌሶን ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ መልእክተኞች ሊልክ ሲያዘጋጅ ሚስቱ ቴዎድራ ጉባኤውን የማይቀበል የራሷን ካህን አስቀድማ ላከች፤ የባሏ ሰዎች ከግብፅ ድንበር እንዲዘገዩም የአገሩን ገዥ አስጠነቀቀች። ባልና ሚስት በአንድ ቤት፣ ሃይማኖታቸው ግን ሁለት መንገድ! ያ የቴዎድራ ካህን በኑብያ ሁለት ዓመት ቆየ። ሙቀቱ ስላስጨነቀው ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ውኃ በቋጠረ ዋሻ ውስጥ በሽርጥ ተቀምጦ ያስተምርና ያጠምቅ ነበር ይላል። ሰዓቱ ከንጋት የሚቆጠር፣ እንደኛው አቆጣጠር ነው። የገዳሪፍን ሚያዝያ የምታውቁ ሰዎች ካህኑን አትፈርዱበትም።

በኋላ ሎንጊኖስ የሚባለው ጳጳስ ወደ ደቡቡ መንግሥት ወደ አልዋ ሄደ። ዋና ከተማዋ ሶባ፣ ዛሬ ካርቱም ካለችበት አጠገብ ነበረች። ጊዜው እ.ኤ.አ. 580 አካባቢ ነው። እዚያ ማንን አገኘ? አክሱማውያንን። ከአገራቸው ወጥተው አልዋ የተቀመጡ፣ የሐሊካርናሱን የዩልያኖስን ትምህርት የያዙ ሰዎች። ዩልያኖስ የክርስቶስ ሥጋ ከፅንሰት ጀምሮ የማይበሰብስ እንደነበረ ያስተምር ነበር። ሎንጊኖስ ተከራክሮ እንደመለሳቸው ይነገራል። ትምህርቱን ከማን እንደሰሙት አልተጻፈም። ከ1,400 ዓመት በፊት ሱዳን ውስጥ የሚኖሩ አበሾች፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ርቀው፣ የሰሙትን ትምህርት ይዘው፣ የሚጠይቃቸው ሰው እስኪመጣ ቆይተዋል። ከዚህ ታሪክ በኋላ ስለ እኛ የስልክ አዳማጭነት ብጨነቅ ትታገሡኛላችሁ።

ዋናው ችግር አዳማጭ ሽፋን አለማየቱ ነው። የታተመ መጽሐፍ ስትይዙ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳሳተመው፣ መቼ እንደሆነ ከፊት ለፊቱ ታያላችሁ፤ የግርጌ ማስታወሻውም አለ። የድምፅ ፋይል ግን ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ሲተላለፍ ስሙ እንኳ ይጠፋል፤ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶንን ጉባኤ የሮም ካቶሊክ፣ የግሪክ ኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንት ጸሐፊና የእኛ ተዋሕዶ መምህር አንድ ዓይነት አድርገው አይተርኩትም። ድሉ ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ስደት ነው። አዳማጩ ተራኪው የቆመበትን ካላወቀ ግን ጉባኤው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በዲዮስቆሮስ ላይ የፈረደውን የታሪክ ፍርድ አድርጎ ይወስደዋል። ሁሉንም መስማት ክፋት የለውም፤ ማን እንደሆነ እያወቁ ነው መስማት።

ሌላው አደጋ የጥቅስ ነው። ገጽ ላይ ትእምርተ ጥቅስ አለ፤ ጆሮ ላይ የለም። ኢሬኔዎስ በመናፍቃን ላይ የጻፈውን ብትሰሙ የመጀመሪያው ክፍል በአብዛኛው የተቃዋሚዎቹን፣ በተለይም የቫለንቲኖስን ወገኖች ትምህርት ዘርዝሮ ማስረዳት ነው። ማፍረሱ በኋላ ይመጣል። ቀኑን ሰሊጥ ሲያጭድ የዋለ ሰው መካከል ላይ እንቅልፍ ቢወስደው ቫለንቲኖስን ተምሮ ይነሣል። ስቃችሁ አትለፉት፤ «መጽሐፍ ላይ ሰምቻለሁ» እየተባለ የሚወራው ብዙው ነገር አፈጣጠሩ እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተር የሚያነበው ድምፅ መጥቷል። ፊደላችን ጥብቁንና ላላውን አይለይም፤ የሚለየው የአንባቢው ዕውቀት ነው። ማሽኑ ይስታል፣ ሲስት ደግሞ እንደ ሊቅ ድምፁ ሳይሰበር ነው። ለዜና ይታገሡታል፤ ለሃይማኖተ አበው ግን አልመክርም።

ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። የምለው ለፍጹማን ሳይሆን ለደከማቸው ሰዎች ነው። አንድ መጽሐፍ ምረጡ፣ ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ታሪክ ከሆነ ፍጥነቱን ከፍ ብታደርጉት ግድ የለም፤ የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍን ግን አታጣድፉት፣ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ስሙት። ካምፕ ውስጥ አራት ሰው ካላችሁ አንድ ስልክ መሐል ላይ አስቀምጡና በድምፅ ማጉያ አሰሙት፤ ኢርፎን ለአውቶቡስ ይሁን። ሲያልቅ ከመካከላችሁ አንዱ የሰማውን ይናገር፣ ሌሎቹ ያርሙት። ይኸው ነው ቅጸላው። በረሃ ከወረደው ሠራተኛ መካከል የአብነት ትምህርት የቀመሰ አይጠፋም፤ ፈልጉት፣ እሱ ነው ፊልጶሳችሁ። ያልገባችሁን ጻፉና እሑድ ካህኑን ጠይቁ። ካህኑ «ይህን አላውቅም፣ አይቼ እነግራችኋለሁ» ካላችሁ እመኑት፤ ወዲያው ከመለሰላችሁ ሰው ይልቅ እሱን።

እናንተ ደግሞ አገር ቤት ያለው አዳማጭ የሌለው አንድ ሀብት አላችሁ፦ ዐረብኛ ታውቃላችሁ። የገበያ ዐረብኛ ነው ትሉ ይሆናል፤ ከዚያ ተነሥቶ ማሻሻል ግን ከዜሮ እንደመጀመር አይደለም። ስንክሳሩ፣ ፍትሐ ነገሥቱ፣ ሃይማኖተ አበው ወደ ግእዝ የተመለሱት ከግብጻውያን ክርስቲያኖች ዐረብኛ ነው። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ኮፕት ዛሬም በዐረብኛ ብዙ የድምፅ ትምህርት አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ያረፉት ፖፕ ሺኖዳ ሦስተኛ ረቡዕ ረቡዕ ሲያስተምሩ የሕዝቡን ጥያቄ በወረቀት እየተቀበሉ ይመልሱ ነበር፤ ቅጂዎቹ አሉ። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ትምህርት፤ ለጆሮ የሚስማማው አቀራረብ ይህ ነው።

ስለ መብት አንዲት ነገር ብዬ ልለፍ። የጥንት አባቶች መጻሕፍት የሁላችን ናቸው፤ በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ሳይፈቅድ አንብቦ መልቀቅ ግን በአዋጅ 410/1996ም በኅሊናም ያስጠይቃል። ወዶ የሚፈቅድ ደራሲ ብዙ ነው፤ ብቻ ጠይቁት።

የመጨረሻው ጉዳዬ ከመስማት ወደ መቅረጽ ይወስደናል። ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወጣው ይህ የእናንተ መንገድ መጽሐፍ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የወጣው በዚሁ በመተማ በኩል ነው። ተዋ በምትባል ከተማ ሼኩ ለሳምንታት አግቶት ነበር፤ ከዚያ ሰናር፣ ከዚያ የኑብያን በረሃ አቋርጦ አስዋን ደረሰ። ወደ አውሮፓ ካስገባቸው የብራና መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኛል። ሙሉው የቀረው በግእዝ ብቻ ስለነበር የአውሮፓ ሊቃውንት አሥራ ስምንተኛውን መቶ ዓመት እስኪያጋምሱ ሙሉውን መጽሐፍ አያውቁም ነበር። ከ117 ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ፣ ጎንደር በደርቡሾች ከተቃጠለች በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በደርግ ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ወደ ሱዳን ገባ፤ የኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ያን ጊዜ ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. እንደገና ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ከትግራይ፣ አብዛኛው በሐምዳይት በኩል፣ ሱዳን ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ጦርነት መንገዱ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያንና እዚህ የኖሩ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የኖረውን ክርስቲያን ማን ጻፈው? በስደት ካምፕ ከጭራሮና ከሸራ በተሠራ ዳስ የተቀደሰውን ቅዳሴ፣ ሰበካ በሌለበት ቦታ ክርስትና ያነሡትን እናት፣ ታቦት በሌለበት ጥምቀትን እንዴት እንዳከበሩ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሩፊኖስ አዴስዮስን ባይጠይቀው ኖሮ የፍሬምናጦስ ታሪክ በዚያ መንገድ አይደርሰንም ነበር፤ አዴስዮስም ያን ጊዜ ሸምግሎ ሳይሆን አይቀርም።

ስልካችሁ ይቀርጻል። በዚህ ሳምንት አንድ አባት ወይም አንድ እናት ያዙና ተቀመጡ። ማራገቢያው ይጠፋ፣ በሩ ይዘጋ፣ ስልኩ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ስማቸው እንዳይነሣ ከፈለጉ አታንሡ። የብራና ጸሐፊዎቻችን መጨረሻ ላይ የሚጽፉትን እናንተ መጀመሪያው ላይ በድምፃችሁ ተናገሩ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ። ከዚያ ከየት እንደመጡ፣ በየትኛው ወንዝ እንደተሻገሩ፣ የመጀመሪያውን ፋሲካ የት እንደዋሉ ጠይቋቸው፤ ሲናገሩም አታቋርጧቸው። ፋይሉን ሁለት ሚሞሪ ላይ ገልብጡ፤ አንዱ እናንተ ጋ ይቆይ፣ ሌላው አገር ቤት ለሚኖር ዘመድ ይላክ።